“ቅሬታ ባቀርብ የእንጀራ ገመዷን እበጥስባት ይሆን?”

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ለራሴ ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። አባቴ 79 ዓመቱ ነው፤ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ይኖራል። ጆሮው ከደከመ ቆይቷል። ከሦስት ሳምንት በፊት ጥርሱን አሞት ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኩት። ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ቁጭ አልን። ለምን እንደዘገየ የነገረን ሰው የለም። በመሃል ስልክ ላነሳ ወጣሁ። ስመለስ አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሟል። እንግዳ ተቀባይዋ ትጮህበታለች። “ሽማግሌው፣ አትሰማም እንዴ? ሦስቴ ጠርቼሃለሁ! ተራህ አልፏል፣ ቁጭ በል!”

ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ቀና ብሎ አየው። አባቴ አንድ ቃል አልመለሰም። የቀጠሮ ካርዱን ሁለት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ሄዶ ተቀመጠ። እኔም ምላሴ ተሳሰረ። በመጨረሻ ገባን፣ ታከመ፣ ከፍለን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ክሊኒክ አልሄድም ብሏል። ሁለተኛው ቀጠሮ ባለፈው ሳምንት አለፈ። ገና ሦስት ይቀረዋል። “ጥርሴ ተሽሎኛል” ይለኛል። ሲበላ ሳየው ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚያኝከው።

ባለቤቴ “ሄደሽ ኃላፊውን አናግሪ” ይለኛል። እህቴ “ዝም አይነቅዝም፤ እሷም ደክሟት ይሆናል፣ ተያት” ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ልጅቷን ከነፎቶዋ ፌስቡክ ላይ ልለጥፋት ብሎ ይዝታል።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ወጥቼ አንድ ሆቴል ገባሁ። ያስያዝኩትን ክፍል ለሌላ እንግዳ ሰጥተውታል። ሌሊት ነበር፣ ደክሞኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁን አስጠርቼ እዚያው የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ልጅ ፊት “ይህቺን ደግሞ ከየት አመጣችኋት?” አልኩት። ከወር በኋላ ስመለስ ልጅቷ የለችም። ስጠይቅ “ለቃለች” አሉኝ። በፈቃዷ ትልቀቅ ትባረር አላውቅም። ፊቷ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አሁንም አፌን ብከፍት የሌላዋን የእንጀራ ገመድ እበጥሳለሁ ብዬ እፈራለሁ። ዝም ስል ደግሞ አባቴን አየዋለሁ። ቅሬታ ማቅረብ የሚገባው መቼ ነው? ሦስት ሳምንት አልፎስ አልረፈደም?

እንቅልፍ ያጣሁ

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አልረፈደም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይኔ እየተመለሰ የሚያርፈው አንዲት መስመር ላይ ነው። አባትሽ በአንድ ጎናቸው ብቻ ያኝካሉ። ይህቺን ባትጽፊልኝ ኖሮ ምናልባት ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ያ ነገር የዚያን ቀን ተጀምሮ የዚያን ቀን ያለቀ ቢሆን፣ አባትሽም ረስተውት ቢሆን፣ “እህትሽ ያለችውን ስሚ፣ እለፊው” ልልሽ እችል ነበር። አላለቀም ግን። አባትሽ ሕክምናቸውን አቋርጠዋል።

ስለዚህ ከቅሬታውም በፊት ስለ ጥርሳቸው ልናገር። የጥርስ ሕመም ስለቆመ ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ውስጡ ያለው ነርቭ ሲሞት ሕመሙ ጸጥ ይላል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ሥሩ ላይ ይቀጥላል። ይህ ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም፤ ሐኪም ይየው ነው የምለው። እዚያው ክሊኒክ አልመለስም ካሉ ሌላ ቦታ ይታዩ። የተነሱትን ራጅና የሕክምና ማስረጃቸውን ኮፒ ጠይቂና ይዘሽ ሂጂ። የጥርሱ ጉዳይ ቅሬታው እስኪፈታ መጠበቅ የለበትም።

አሁን ወደ ቅሬታው።

ብዙ ነገር ይታለፋል። እኔም አልፋለሁ። ሰው ፊቱን ሲያጠቁርብኝ፣ ሰላምታዬን ሳይመልስ ሲቀር፣ አንድ ቀን ተሳስቶ ሲያስጠብቀኝ ትቼ እሄዳለሁ። ምን አድሮበት እንደመጣ አላውቅማ። ለእያንዳንዱ ኩርፊያ ኃላፊ የሚያስጠራ ሰው ራሱም ሰላም የለው። ነገር ግን ሰው ሲጎዳ፣ ያላግባብ ገንዘብ ሲወሰድ፣ አቅመ ደካማ ሲዋረድ ወይም ነገ ሌላ ሰው ላይ የሚደገም ጥፋት ሳይ አላልፍም። አንድ ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ። እኔ ዝም ብል ይህ ነገር ማን ላይ ይቀጥላል? የአንቺ መልስ ግልጽ ይመስለኛል። አባትሽ ላይ እየቀጠለ ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ጆሮው የደከመ ሰው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስሙ ሲጠራ ሳይሰማ ይቀራል።

እህትሽ “ዝም አይነቅዝም” ስትል ደግነቷ ይገባኛል። ያንቺ ዝምታ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶሻል። ቅሬታ የሚለውን ቃል ልብ ብለሽው ታውቂያለሽ? “ቀረ” ከሚለው ጋር ይዛመዳል። ሆድ ውስጥ የቀረ ነገር ነው። አንቺ ሆድ ውስጥ የቀረውን በደብዳቤሽ አይቼዋለሁ። ከልጅቷ ንግግር እኩል የራስሽ ምላስ መተሳሰር ያቃጠለሽ ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ? አባትሽ ሲዋረዱ ዝም ማለትሽን ለራስሽ ይቅር አላልሽም። እህቴ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሳያስበው ሲገጥመው ቃል ያጥረዋል። ያጋጥማል። ያን ቀን ያልወጣው ቃል ዛሬ ተጽፎ ሊወጣ ይችላል። ተረጋግተሽ የምትጽፊው ደግሞ ያኔ ተናደሽ ከምትናገሪው ይሻላል።

የሆቴሏን ልጅ ጉዳይ እንዲሁ ዘልዬ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሌሊት የሚቀሰቅስሽ እሱ ነውና አልዘለውም። ለምን እንደለቀቀች አታውቂም፤ እኔም አላውቅም። ሰው በብዙ ምክንያት ሥራ ይለቃል። በአንድ እንግዳ ንግግር ሠራተኛ የሚያባርር አለቃ ካለም ውሳኔው የእሱ ነው። ይህን ሁሉ ብዬሽም የምትረጂ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ልብሽ የሚወቅስሽ በሌላ ነገር ነው። “ይህቺን ደግሞ ከየት አመጣችኋት?” ያልሽው ስለ ክፍሉ አልነበረም። ስለ ልጅቷ ነበር። ክፍሉን ለሌላ ሰው የሰጠው ማን እንደሆነም ገና አልተጣራም ነበር። ያንን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ለዚህ ነው ፊቷ ከዓይንሽ ያልጠፋው። እንግዲህ ከዚያ ሌሊት የምትወስጂው ትምህርት ካለ፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም የሚለው አይሁን። የተሠራውን ነገር ተናገሪ፣ ሰውየውን ተዪው።

አንድ የራሴን ታሪክ ላጫውትሽ። ወጣት ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ማመልከቻ እቀበል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ፎርሙን አሳስታ ሞልታ መጣች። ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። “ማንበብ አይችሉም እንዴ?” ብዬ ወረቀቱን መለስኩላት። አንስታ ወጣች። ከእሷ በኋላ ሁለት ሰው አስተናገድኩ። ከዚያ አንድ አዛውንት መጡ። ወረቀታቸውን ወዲያው አልሰጡኝም። ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉና ከኋላ ያለው ሰው በማይሰማው ድምፅ “ልጄ፣ ቅድም ያቺ ሴት ስትወጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር” አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ወረቀታቸውን አቀበሉኝ።

ተነስቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ አልነበረችም። እስከ ዋናው በር ሄጄ አየሁ፣ የለችም።

ከዚያ በፊት አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠርቶ በጸባዬ ተቆጥቶኛል። ምን እንዳለኝ ዛሬ አላስታውስም። የእኚያን ሰው ቃል ግን እስከነ ድምፃቸው አስታውሰዋለሁ። ባለጌ ነሽ አላሉኝም። ያዩትን ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ያ መስኮት ሲከፈት መጀመሪያ የማየው የሰው እጅ ሆነ።

ስለ እንግዳ ተቀባይዋም ትንሽ እናስብ። ለመከላከል አይደለም፤ አባትሽን ያለቻቸው ቃል አይገባም፣ በቃ። ግን ሦስት ሰዓት ተብሎ አምስት ሰዓት ተኩል መግባትን እሷ አላመጣችውም። ብዙ ቦታ ሐኪሙ ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ ለአንድ ሰዓት ሦስት አራት ሰው ይቀጠራል። አንዱ ሕክምና ሲረዝም ሁሉም ይገፋል። ያንን ቀጠሮ ያወጣው ሰው ከውስጥ ነው ያለው። የተቆጣው ሰው ሁሉ የሚያገኘው ግን እሷን ነው። አርሊ ሆክስቺልድ የሚባሉ አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ሥራ፣ ተናድዶ ፈገግ ማለት፣ ደክሞ መታገስ ራሱን የቻለ ጉልበት የሚበላ ሥራ ነው ብለው ጽፈዋል። መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ስላየሁት አምናቸዋለሁ። ስለዚህ ቅሬታሽ ልጅቷ ላይ ብቻ ከወደቀ ግማሹን ብቻ ነው የተናገርሽው። ቀጠሮው ይነሳ። መዘግየቱን የሚናገር ሰው አለመኖሩ ይነሳ። አጠራሩ ይነሳ።

አጠራሩን ልዘርዝረው፤ እዚህ ላይ መፍትሔው ቅርብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው። ስለዚህ የዚያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ አባትሽ ብቻቸውን ላይሆኑ ይችላሉ። በዕድሜ የሚመጣ የጆሮ ድካም ደግሞ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። “ሰ”፣ “ፈ”፣ “ተ” ይጠፋሉ። ሰውየው ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለየውም። ለዚህ ነው ጩኸት ብዙም የማይረዳው። ቀረብ ብሎ፣ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ቀስ ብሎ መናገር ይረዳል። ካርድ ላይ አንዲት መስመር መጻፍ ይረዳል። ተራን በቁጥር ማሳየትም ይረዳል። ይህን ሁሉ አንድ ክሊኒክ በአንድ ቀን ሊያስተካክለው ይችላል፤ የነገረው ሰው ካለ።

እንዴት ትናገሪ? ቢሆን በአካል ሄደሽ ኃላፊውን አነጋግሪ፤ የተጻፈ ነገርም ይዘሽ ሂጂ። ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ምረጪ። ሪሴፕሽኑ ፊት ቆመሽ አትጀምሪው፤ “ለብቻችን ልናወራ እንችላለን?” በይ። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። “በጣም አዝነናል”፣ “ተንቀናል” የሚሉ ቃላት አታብዢ፤ የሆነውን ብቻ ጻፊ፣ ራሱ ይናገራል። ለምሳሌ እንዲህ ብትዪ፦

“አባቴ 79 ዓመታቸው ነው። በደንብ አይሰሙም። በዚህ ቀን ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ነበር። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ስንጠብቅ ምክንያቱን የነገረን አልነበረም። ስማቸው ሲጠራ ስላልሰሙ ተራቸው አለፈ። ሊጠይቁ ሲቀርቡ በሰው ፊት ‘ሽማግሌው፣ አትሰማም እንዴ?’ ተባሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕክምናቸውን አቋርጠዋል። ካርዳቸው ላይ ‘መስማት ይቸገራሉ፤ ቀርባችሁ ጥሯቸው’ ተብሎ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። ቀጠሮ ሲዘገይ ለሚጠብቀው ሰው ይነገር። አባቴም ይቅርታ ይጠየቁ። ሠራተኛዋ ከሥራ እንድትወጣ ወይም እንድትቀጣ አንጠይቅም፤ አንፈልግምም።”

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሺ። በጽሑፍ ስትሆን ኃይል አላት። እርግጥ ስሟን ባትጽፊም ከቀኑና ከሰዓቱ ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ምንም አትሆንም ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ግን የጠየቅሽው ምን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አለ። ስለ ቅሬታ አያያዝ የወጣው አይኤስኦ 10002 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ቅሬታ አቅራቢውም ሆነ ቅሬታ የቀረበበት ሰው ያለ አድልዎ መታየት አለባቸው ይላል። “ሠራተኛዋንም ጠይቋት፤ የእሷንም ስሙ” ማለት ትችያለሽ። የሆቴሏ ልጅ ያላገኘችው እሱን ሳይሆን አይቀርም።

ወንድምሽን አስቁሚው። ንዴቱ ከአባቱ ፍቅር የመጣ ስለሆነ አትቆጪው፤ ግን አስቁሚው። ፎቶዋ አንዴ ከወጣ አይመለስም። የማያውቋት ሰዎች ይሰድቧታል፣ ልጆች ካሏት ያያሉ። አባትሽስ? ያን ቀን አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ነው ያያቸው። ያ ነገር ቢለጠፍ ስንት ሰው ሊያያቸው ነው? አስተያየት በአደባባይ መጻፍ ራሱ ነውር የለውም። መጀመሪያ ለሚመለከታቸው ነግረሽ እንቢ ካሉ፣ የሰው ስምና ፎቶ ሳይኖርበት፣ ስለ አገልግሎቱ ብቻ ሊጻፍ ይችላል። ሌሎች ሕሙማንም ይጠቀሙበታል።

ባለቤትሽ “ኃላፊውን አናግሪ” ማለታቸው ልክ ነው። አብረውሽ ይምጡ፤ ሁለት ሰው ሲሆን ቃል አይጠፋም። መቼ መልስ እንደሚሰጡሽ ጠይቂና ቀኑን ያዢ። ደብዳቤውን ኮፒ አስቀሪ። በተባለው ቀን ምንም ከሌለ ለክሊኒኩ ባለቤት ጻፊ፤ ከዚያም ጤና ተቋማትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አለ። እዚያ መድረስ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በአክብሮት የተጻፈ፣ የሚፈልገውን የሚያውቅ ቅሬታ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው በር ላይ ያልቃል።

እየለመንሻቸው እንደሆነ እንዳይሰማሽም እፈልጋለሁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1962 ለምክር ቤታቸው በላኩት መልእክት የሸማችን መብቶች አራት ብለው ቆጥረው ነበር። ደህንነት፣ መረጃ፣ ምርጫና መደመጥ። አራተኛውን አይተሻል? ያ ቀን ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሸማቾች መብት ቀን ሆኖ ይከበራል። ከፍሎ የታከመ ሰው የሚለው ነገር ሲኖረው መሰማት አለበት።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ሳነብ የፈለግኩት ሳላገኘው የቀረ። ባለቤትሽ ያሉትን ጽፈሻል። እህትሽ ያለችውን ጽፈሻል። ወንድምሽም አለ። አባትሽስ ምን ይላሉ? ጠይቀሻቸዋል? የተዋረዱት እሳቸው ናቸው። ይቅርታ ይፈልጉ ይሆናል፤ ላይፈልጉም ይችላሉ። ሌላ ክሊኒክ ይመርጡ ይሆናል። ምናልባት ጭራሽ እንዲነሳባቸው የማይፈልጉት ያ ሁሉ ሰው ቀና ብሎ ማየቱ ይሆናል። ካላነጋገርሻቸው እኛም እንደዚያ መስኮት በላያቸው ላይ እየተነጋገርን ነው።

ቤቱ ጸጥ ሲል ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። “ያን ቀን ዝም ማለቴ ከነከነኝ” ብለሽ ጀምሪ፤ ይህን ከአንቺ ሰምተውት አያውቁ ይሆናል። ከዚያ የጻፍሽውን አንብቢላቸው፣ ቀስ ብለሽ። “ሽማግሌው” የሚለው ቃል ይውጣ ካሉ አውጪው። ሁሉም ይቅር ካሉም እሺ በያቸው፤ ያኔ ስለ እሳቸው ውርደት ሳታነሺ፣ ስለ ቀጠሮው መዘግየትና መስማት ስለሚቸገሩ ሕሙማን ብቻ መጻፍ ትችያለሽ። ከዚያ ካርዱን ጠይቂያቸው። ደረት ኪሳቸው ውስጥ እንደታጠፈ ሳይሆን አይቀርም። የቀሩት ሦስት ቀጠሮዎች እሱ ላይ ናቸው።